የናፍጣ ሂተር በአርቪ ውስጥ፦ ከውሻና ከድመት ጋር አንድ የበረዶ ወራት ካለፈ በኋላ

መጀመሪያ ድምፁን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሪቪው ላይ ማንም በደንብ ሲጽፈው አላየሁም። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ናፍጣውን ከታንኩ እየሳበች ወደ ሂተሩ ምትገፋው ትንሽዬ ፓምፕ ናት፣ ሂተሩ ጠንክሮ ሲሰራ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ሲያርፍ ዝግ ትላለች። እኛ በሁለተኛው ሌሊት ለመድነው፣ ውሻችን ዳማ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ጆሮዋን ቀስራ ወለሉ ስር አይጥ አለ ብላ ስትጠብቅ አደረች። ድመቱ አመዴ ደግሞ ገና የመጀመሪያው ሙቅ አየር ሲወጣ ሄዶ አየር መውጫው ፊት ለፊት ተጋደመ፣ ከዛ ወዲህ መኖሪያው እዛ ሆኗል፣ ይሄ ጸባዩ በኋላ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

እኔና ባለቤቴ አርቪ (አልጋና ምድጃ ያለው እንደ ቤት ሚያገለግል መኪና) ውስጥ ነው ምንኖረው። ለሽርሽር አይደለም፣ ቤታችን እሱ ነው። 6 ሜትር ገደማ ነው፣ ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ አንድ ንብርብር፣ የሰሩት ሰዎች ጸሀይ ጸሀዩን ብቻ አስበው እንደሰሩት ያስታውቃል። ዳማ 9 አመቷ ነው፣ ጸጉሯ አጭር ነው፣ የኋላ እግሯን ቁርጥማት ጀምሯታል። አመዴ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሰነፍ። ሪቪው ማደርገው ነገር 5 ኪሎዋት የሚባለው ባለ 12 ቮልት የናፍጣ ሂተር ነው፣ ያ አንድ አይነት ሳጥን ሆኖ በየቦታው በተለያየ ስም ሚሸጠው። ስሙን አልጠራም፣ አንደኛ ቅሬታ አለኝ፣ ሁለተኛ ስሙ ስቲከር ነው እንጂ ሌላ ስም የተለጠፈበትን ብትገዙም ውስጡ ብዙ አይለይም።

ከሱ በፊት ሁለት ነገር ሞክረናል። አንዱ ከመኪናው ጋር የመጣው የጋዝ ፈርነስ ነው፣ እሱ ያሞቃል፣ ምንም አልልም፣ ግን ፋኑ በሰራ ቁጥር ከባትሪው 7፣ 8 አምፔር ይስባል እና ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር ካልተያያዛችሁ ሌሊቱ ሳይጋመስ ባትሪው ልሙት ይላል። ሲነሳ ደግሞ ድምፁ አውሮፕላን ሚነሳ ነው ሚመስለው፣ አመዴ በተነሳ ቁጥር ከአልጋ ይዘላል።

ሁለተኛው፣ ከሲሊንደር ላይ ተገጥሞ በግላጭ ሚነደው የጋዝ ማሞቂያ ነው፣ ጭስ ማውጫ የሌለው። እሱን ብዙ ሰው ይወደዋል ምክንያቱም ባትሪ አይነካም፣ ለመግጠምም ጣጣ የለውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጋዝ ሲቃጠል ውሃ ይሆናል። 1 ኪሎ ፕሮፔን አቃጠላችሁ ማለት 1.6 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤታችሁ ውስጥ ደፋችሁ ማለት ነው። በዛ ላይ የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ የውሻ ትንፋሽ፣ የሚፈላ ውሃ፣ እርጥብ የውሻ ጸጉር ጨምሩበት። በሶስተኛው ቀን መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋገረ። እኔ ያወቅኩት አመዴ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሞ በረዶውን ሲልስ ሳየው ነው። ፍራሹን ገልበጥ ሳደርገው ስሩ እርጥብ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ሻጋታ ጀማምሮታል። እሱ ይቅር፣ በተዘጋ ቤት ግላጭ እሳት ኦክስጅን ይበላል፣ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይሰማውም፣ ቀለም የለው ሽታ የለው። የዳማ ጭራ ደግሞ እሳት ፊት እየተወዛወዘ ማለት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። አንድ ቀን ጸጉር ሸተተን፣ በቃ በማግስቱ አውጥተን ጣልነው።

ወደ ናፍጣው ልምጣ። አሰራሩ ብልህ ነው፣ ይሄን ልመስክርለት። እሳቱ ያለው በታሸገ የብረት ክፍል ውስጥ ነው፣ ሚነድበትን አየር ከውጪ ይስባል፣ ጭሱን ወደ ውጪ ያወጣል፣ የቤቱ አየር በብረቱ ጀርባ በኩል እየዞረ ይሞቃል እንጂ ከእሳቱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ውሃውም ጭሱም ውጪ ይቀራል። በገጠምነው በሁለት ቀን መስኮቱ ደረቀ፣ ፍራሹ ደረቀ፣ የዳማ ፎጣ ራሱ ባደረበት ደርቆ ይገኛል። ለደረቅ ሙቀቱ ብቻ ከ5 ኮከብ 5 እሰጠው ነበር።

ባትሪ ላይም ጥሩ ነው፣ ሲነሳ ብቻ እንደ ካንዴላ ያለችው ማቀጣጠያው እስክትግል ድረስ ለጥቂት ደቂቃ 10 አምፔር ገደማ ይበላል፣ ከዛ በኋላ በ1 እና በ2 አምፔር መሀል ነው ሚሄደው። ናፍጣውም በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት በሰአት ከ0.1 እስከ 0.2 ሊትር፣ በሙሉ አቅሙ ደግሞ ግማሽ ሊትር ነው። እኛ ውጪው ከዜሮ በታች 14 በነበረበት ሰሞን በ24 ሰአት ከ5 እስከ 6 ሊትር ነበር ሚፈጅብን፣ አርቪው ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ሰፋ ያለ ቤት ያላችሁ በዚህ አትገምቱ።

አሁን ግን ዋናው ነገር። በመጀመሪያው ሳምንት መቆጣጠሪያው 19 ዲግሪ ይላል፣ እኔ በሹራብ ብቻ ተቀምጬ ስራዬን እሰራለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ዳማ ግን ተጠቅልላ አፍንጫዋን ጭራዋ ስር ቀብራ ተኝታለች፣ ስጠራት አትነሳም። አርጅታ ነው ብዬ አለፍኩት። ባለቤቴ ናት የነቃችው፣ «አንተ፣ እጅህን እስቲ ወለሉ ላይ አድርገው» አለችኝ። አደረግኩ። እንደ ፍሪጅ መደርደሪያ ነው ሚቀዘቅዘው። ቴርሞሜትሩን አውርጄ የዳማ ፍራሽ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ሩብ ሰአት ጠበቅኩ፣ 8 ዲግሪ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰአት፣ ወንበሬ ላይ 19 ውሻዬ ጋ 8!

የመቆጣጠሪያው ሴንሰር ያለው እኮ ግድግዳው ላይ በደረቴ ቁመት ነው፣ ሙቅ አየር ወደላይ ይወጣል፣ ጣሪያው ጋ ምናልባት 25 ነበር፣ ከወለሉ ስር ደግሞ ነፋስ እየገባ ነው። የእንስሳ ነገር ሁሉ ወለል ላይ ነው። አርቪ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ሂተሬ 20 ዲግሪ ይይዝልኛል» ሲሉ ስሰማ አሁን ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የት ሆኖ ተለክቶ? ድመት እንኳን ብልጥ ነው ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል፣ ውሻ ግን ያስተኛችሁት ቦታ ነው ሚተኛው፣ በተለይ መዝለል ያቃተው አሮጌ ውሻ።

ለወለሉ ያደረግነው ነገር ብዙ ጥበብ አልነበረበትም። ሙቅ አየር መውጫውን ከወንበር ቁመት አውርደን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ አዞርነው (ይሄን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን ቀድቼ ነው)። ወለሉ ላይ ያ እንደ ፓዝል ሚገጣጠም የስፖንጅ ምንጣፍ አነጠፍን። ትንሽዬ 12 ቮልት ፋን ጣሪያው ጋ ሰቅለን ሙቁን አየር ወደታች እንድትገፋ አደረግን። የዳማን ፍራሽ ደግሞ ከስሩ ጣውላ አድርገንለት ከወለሉ 10 ሳንቲ አነሳነው። በዛው ብርድ፣ በዛው ናፍጣ፣ ፍራሹ ጋ 14 ዲግሪ ሆነ። ዳማ በሁለተኛው ቀን በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ወደላይ አድርጋ ተኛች፣ ውሻ ያላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዛ ደግሞ በአርቪው ዙሪያ ከታች ያለውን ክፍት ቦታ በፎም ሰሌዳ ከበብነው፣ ንፋሱ ከስር እንዳይገባ። ይሄ በጣም ይጠቅማል ነገር ግን እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። የሂተሩ ጭስ ማውጫ ያለው ከስር ነው። ዙሪያውን ከደናችሁት እና ማርሚታውን ወደ ውጪ ካላስረዘማችሁት ጭሱ ሁሉ ከስራችሁ ይታፈናል፣ ከዛ በየቀዳዳው፣ በየሽቦ መግቢያው ወደ ቤት ይወጣል። በረዶ ተቆልሎ የቱቦውን ጫፍ ሲደፍነውም እንደዛው ነው። እኛ ቱቦውን ከከበባው ውጪ አውጥተነዋል፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ጠዋት የመጀመሪያ ስራዬ አካፋ ይዤ እሱ ጋ መሄድ ነው። ሌላ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ፣ ያ ቱቦ በጣም ይግላል፣ ዳማ ደግሞ ውጪ ስትፈታ መኪና ስር መግባት ትወዳለች። ጎኗን ልትለበልብ ስትል ነው ያየኋት። ቱቦው ላይ ሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቅልለን በፋሸታ አሰርነው፣ ከፊቱም ወንፊት ሽቦ አደረግንበት።

አላርም ጉዳይም አለ። ከሂተሩ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ነጻ ስጦታ ተብሎ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ነበር፣ መሞከሪያውን ስጫነው ጥርት አድርጎ ይጮሃል። ለማንኛውም ብዬ ጀርባው ላይ ቀኑን ባይ የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል። መሞከሪያው እኮ ድምፁንና ባትሪውን ነው ሚሞክረው፣ ሴንሰሩን አይደለም። ሴንሰር እንደየአይነቱ 5፣ 7፣ ቢበዛ 10 አመት ነው ሚኖረው፣ ከዛ በኋላ ጌጥ ነው። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ የመጣልኝ መልስ «ስለገዙን እናመሰግናለን» እና የአበባ ምስል ነበር። ሌላ ገዛን። ሁለት አይነት አላርም ያስፈልጋል፣ ቦታቸውም ይለያያል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ምትተኙበት አካባቢ በትራስ ቁመት አድርጉት፣ ፕሮፔን ግን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ሲያፈስ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ነው ሚተኛው። አሁንም ወለል! ምድጃችሁ በጋዝ ከሆነ የጋዙን አላርም ታች አድርጉት፣ ቀድማ ምትተነፍሰው ውሻችሁ ናትና።

አሁን ወደ አመዴ ጥፋት። በብርዱ መሀል፣ ከሌሊቱ 9 ሰአት ላይ፣ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «ተነስ ተነስ፣ ዳማ እየተንቀጠቀጠች ነው።» መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ጠቅ ጠቁ የለም። ትንፋሻችን ይታያል። መቆጣጠሪያው ላይ የስህተት ኮድ እየበራ ይጠፋል፣ ቤቱ 6 ዲግሪ ነው፣ ወለሉን አልለካሁትም፣ መለካትም አልፈለግኩም። ማንዋሉን በስልክ መብራት ከፈትኩ፣ ማንዋሉ በማሽን የተተረጎመ ነገር ነው፣ «የሙቀት ከፍተኛነት አየር እንቅፋት እባክህ ደስተኛ ሁን» አይነት ጽሁፍ። ደስተኛ ልሁን!

ለካ አመዴ ነው። ሙቀቱ አልበቃው ብሎ ብርድ ልብሱን እየጎተተ አምጥቶ አየር መውጫው ላይ ጎጆ ሰርቷል። ሙቁ አየር መውጫ ሲያጣ ወደ ሂተሩ ይመለሳል፣ ሂተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ማጥፋቱ ትክክል ነው፣ ባይጠፋ ነበር ሚያሳስበኝ። ግን ሂተር በዛ ብርድ ጠፍቶ አንድ ጊዜ እንኳን ጢ አይልም? ኮዱን በጸጥታ አብርቶ ተቀምጧል! ከፍቼ ሳየው ደግሞ የቤቱን አየር ሚስብበት መሳቢያው በኩል የሁለቱ ጸጉር እንደ ጥጥ ተድበልብሎ ግማሹን ደፍኖታል። ማለቴ ብርድ ልብሱ መጨረሻው ነበር እንጂ ጸጉሩ ከወር በፊት ጀምሮ ሲያንቀው ነበር። ማንዋሉ ስለ አቧራ እንኳን አንድ መስመር የለውም።

ዳማን ምን አደረግናት ላላችሁኝ፣ በመሀላችን አልጋ ላይ አስገባናት፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ሆዷ ጋ አደረግን። የውሻም የድመትም ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከ37 ሲወርድ ነው አደጋው። መንቀጥቀጥ ሰውነቷ ገና እየታገለ ነው ማለት ነው፣ መንቀጥቀጡ ቆሞ ድንዝዝ ካለች፣ ድዷ ከነጣ፣ ስትጠሯት ካልመለሰች ያኔ ሀኪም ጋ ሩጡ። በጣም የጋለ ነገር ቆዳቸው ላይ በቀጥታ አታድርጉ፣ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ዳማ በግማሽ ሰአት ውስጥ ማንኮራፋት ጀመረች፣ እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም።

ከዛ ሌሊት በኋላ የገዛነው ነገር ከሂተሩ እኩል ነው ሚጠቅመን፣ ትንሽዬ ቴርሞሜትር ናት፣ ሲም ካርድ ያላት፣ ከወሰናችሁላት ዲግሪ ስትወርድ ስልክ ላይ መልእክት ትልካለች። ዳማ ፍራሽ ጎን በጉልበት ቁመት ለጥፈናታል፣ 10 ዲግሪ ላይ እንድትጮህ አድርገን። ውሃ ልቀዳ ወይ ናፍጣ ላመጣ ስወጣ ልቤ ያርፋል። ከኢንተርኔት ራውተራችሁ ጋር ብቻ ምትሰራውን አትግዙ፣ ባትሪው ሲያልቅ ራውተሩም አብሮ ይሞታል፣ ያኔ ማን ይነግራችኋል? በአየር መውጫውም ፊት ከሽቦ የተሰራ ሳጥን አድርገናል፣ አመዴ አንድ ክንድ ርቆ ይተኛል፣ ተቀይሞናል። መሳቢያው ላይ ቀጭን ወንፊት አለ፣ በየሳምንቱ እሁድ በብሩሽ አጸዳዋለሁ። በጣም ጠቅጣቃ ወንፊት ግን አታድርጉ፣ እሱ ራሱ ያፍነዋል።

ስለ ነዳጁ። ለሙቀት ወራት የተዘጋጀ ናፍጣ ብርዱ ሲበረታ በውስጡ ያለው ሰም ይረጋል፣ ደመና ይመስላል፣ ከዛ ፊልትሮውን ይዘጋል። እኛ ከመኸር የተረፈ ጀሪካን ስለነበረን ብለን ሞልተን አንድ ጠዋት አልነሳ አለ፣ ጀሪካኑን ሳየው የኮኮናት ዘይት ነው ሚመስለው። ለብርድ የተዘጋጀውን ከየማደያው በጊዜው ቅዱ፣ ጀሪካኑንም ውስጥ በኩል አስቀምጡ ብዬ አልመክርም ይሸታል፣ ግን ከነፋስ ከልሉት። ሌላው ጥላሸት ነው፣ ናፍጣ ለመቆጠብ ብላችሁ ሌት ተቀን ዝቅተኛው ላይ ካደረጋችሁት ውስጡ ጥላሸት ይዞ ይታነቃል፣ በቀን አንዴ ለግማሽ ሰአት ገደማ ሙሉ አቅሙ ላይ አጩሁት። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ምትኖሩ ደግሞ አየሩ ሳሳ ስለሚል ጥላሸቱ ቶሎ ይመጣል፣ የናፍጣውን መጠን መቀነስ ሚያስችል መቆጣጠሪያ ያለውን ምረጡ። ስታጠፉትም በመቆጣጠሪያው አጥፉ፣ ፋኑ ለጥቂት ደቂቃ እየዞረ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ሽቦውን ነቅላችሁ ካጠፋችሁት ውስጡ ይቀቀላል። የመጀመሪያው ቀን ሲነድ ደግሞ የፋብሪካ ዘይት እየተቃጠለ ይጨሳል ይሸታል፣ መስኮት ከፍታችሁ እንስሳቶቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ወፍ ምታሳድጉ በተለይ፣ የወፍ ሳንባ ለጭስና ለሽታ ምንም አቅም የለውም።

ባትሪ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል ምክንያቱም ጎረቤታችን አርቪ ያለው ሰውዬ አዲስ ባትሪ አበላሽቶበታል። ሊትየሙ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል፣ መጠቀም ይቻላል መሙላት ግን አይቻልም፣ መከላከያ ከሌለው ደግሞ ሶላሩ ጠዋት ጸሀይ ሲያይ ዝም ብሎ ይሞላዋል። የቤቱ ሙቀት ሚደርስበት ቦታ አድርጉት። አሮጌው አይነት የአሲድ ባትሪም በብርድ አቅሙ ይወርዳል፣ ባዶውን ከሆነ ደግሞ ይጋግርና ይሰነጠቃል። ቮልቴጁ ሲወርድ ሂተሩ ያቺን ማቀጣጠያ ማጋል አቅቶት አይነሳም፣ ብዙ ሰው «ሂተሩ ተበላሸ» ሚለው ይሄን ነው።

ሂተሩ የማይደርስላችሁ ነገር ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ቱቦ አይምርም። እኛ የውጪውን ጎማ ነቅለን ከውስጥ ታንክ ነው ምንጠቀመው፣ ታንኩ ሲያልቅ ጎማውን እናወጣለን እንሞላለን ደግሞ እናስገባዋለን፣ አሰልቺ ነው ግን አልፈነዳብንም። የቆሻሻ ውሃውን ቫልቭ ክፍት አትተዉ፣ እየተንጠባጠበ ይጋግርና ቱቦውን ይደፍናል፣ ሞልቶ ሲበቃ አንዴ ልቀቁት። አንቲፍሪዝ (ውሃው እንዳይጋግር ሚጨመረው ፈሳሽ) ምታደርጉ ከሆነ ደግሞ በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ ጀርባውን አንብቡ። ለመኪና ራዲያተር ሚሆነው ብዙው ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ እንስሳ ይልሰዋል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ድመት ይገድላል፣ ድመት ከላሰ ደግሞ መድሀኒቱ ሚሰራው በ3 ሰአት ገደማ ውስጥ ከተሰጠ ነው። ለውሃ መስመር ተብሎ ሚሸጠው ሮዝ መሳዩ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፣ እሱ በጣም ይሻላል፣ ቢሆንም መሬት ላይ ከፈሰሰ ጥረጉት፣ ድመት ደሙን ሊጎዳው ስለሚችል አይስማማውም።

ከሂተሩ ጋር አብራችሁ ብታስቡበት ምለው አንድ እቃ የእንስሳ ማሞቂያ ፓድ ነው፣ 12 ቮልቱን። ኤሌክትሪኩ በጣም ትንሽ ነው፣ ሚሞቀውም በነሱ ሰውነት ልክ እስከ 39 ዲግሪ ነው እንጂ አይለበልብም፣ ሽቦው በብረት ስፕሪንግ የተሸፈነውን ግዙ፣ አለዚያ ይታኘካል። ለዳማ ነበር የገዛነው። አመዴ በመጀመሪያው ቀን ወሰደው፣ ዳማ ዳር ቆማ ታየዋለች፣ እሱ አይኑን አይገልጥም። ሁለተኛ ገዛን። አሁን ሁለቱም አንዱ ላይ ነው ሚተኙት፣ ሌላው ባዶ ነው።

የሰው የኤሌክትሪክ ሂተር መጠባበቂያ አድርገናል፣ ያ በዘይት የተሞላው ራዲያተር፣ ግድግዳ ኤሌክትሪክ ስናገኝ። ለእንስሳ ቤት ከፋን ሂተር እሱ ይሻላል፣ ጸጉር አይስብም፣ ቢደገፉትም ቶሎ አይጎዳቸውም። በቀጭን ማራዘሚያ አትሰኩት፣ 1500 ዋት ቀልድ አይደለም፣ ሶኬታችንን አቅልጦት ያውቃል።

እንግዲህ ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለሙቀቱና ለደረቅነቱ 5፣ ለናፍጣና ለባትሪ ቁጠባው 5፣ ለማንዋሉና ለሻጩ 1 (እሱም ለአበባው ምስል)፣ ከእንስሳ ጋር ለመኖር 3። ወደ 3 ያወረድኩበት ምክንያት ጠፍቶ ዝም ስለሚል ነው፣ ሚጮህ አላርም ቢኖረው፣ መሳቢያው ላይ ሚታጠብ ወንፊት ቢኖረው፣ ሴንሰሩ በሽቦ ወደታች ሚወርድ ቢሆን 5 ነበር ምሰጠው። በነገራችን ላይ ሴንሰሩን በተመለከተ፣ አንዳንዱ መቆጣጠሪያ የውጪ ሴንሰር መሰኪያ ከጀርባው አለው። የኛም ነበረው፣ ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት ጨርሼ ስፈታታው ነው፣ ማንዋሉ ላይ የለም። ሽቦውን አውርጄ ዳማ ፍራሽ ጎን አሰርኩት፣ አሁን 16 ስለው የሷን 16 ነው ሚይዘው፣ እኔ ወንበሬ ላይ በቲሸርት ነኝ፣ ትንሽ ያልበኛል።